የሩጫው እሑድና የሰንበቴ ተራዬ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋን እርምጃ የረገጥኋት ግድግዳ ተደግፌ ነው። ከቀኝ ተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ጠፍር ነው፤ እስኪላላ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እስከዚያ ቤት ውስጥ እያነከስሁ ሻይ አፈላሁ።

እሑድ ሩጫ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር። አራት ቀን ቀረኝ።

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነግሮኛል። ጅማቱ ተጎድቷል፣ ስድስት ሳምንት አሳርፈው፣ ከሮጥህበት ሊበጠስ ይችላል። ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ አርባ ስድስት አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ጻፈ። ከነገረኝ ሁሉ ይልቅ ያቺ ዝምታው አናደደችኝ።

አሳርፈው ማለት ቀላል ነው። የእኔ ሥራ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ሰቆጣን በር በበር እዞራታለሁ፤ ዳገቷም ቁልቁለቷም የእኔ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። «ውሃው መጣ» ብለው ይከፍቱልኛል። ኪሮስ ብሎ በስሜ የሚጠራኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። ዛሬ ቤቴ ስገባ ከጠዋት ጀምሮ ከቁጥር ሌላ ነገር እንዳልተናገርሁ ትዝ አለኝ።

ወደ አመሻሹ ላይ ዝማም ደወለች። ሚስቴ ናት። ዓረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመት አለፋት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ኮንትራቷ በዚህ ወር ያልቃል። ማዳሟ ለሌላ ሁለት ዓመት ታድስ እንደሆነ እስከ ማክሰኞ ንገሪኝ ብላታለች። «አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ስትጠይቀኝ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። እኔም ለሦስተኛ ጊዜ «እንደወደድሽ» አልኋት። «እንደወደድሽ ደግሞ መልስ ሆኖ ነው?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው።

ማንም የማያነበው ደብተር ላይ መዋሸት ምን ያደርጋል። ነይ ብላት ግድግዳው ቆሞ ጣራ የሚጠብቀው አዲሱ ቤታችን እንደቆመ ይቀራል። ያን ቤት የምትፈልገው እሷ ናት። ልጅ አልሰጠንም፣ ቤት እንኳ ይኑረን ትላለች። አድሺ ብላት ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻዬን መኖር እችል እንደሆነ አላውቅም። ሦስቱን እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ከራሴ ጋር ውል ገባሁ። እሑድ አሥሩን ኪሎ ሜትር በዚህ እግር፣ አይዞህ ባይ ሳይኖረኝ ከጨረስሁ፣ ሁለት ዓመቱንም እችለዋለሁ ማለት ነው። አድሺ እላታለሁ። ካልጨረስሁ ምን እንደምላት አላሰብሁበትም።

መሮጥ የጀመርሁትም እሷ የሄደች ሰሞን ነው። ለጤና ብዬ አይደለም። አንድ ግቢ ቆጣሪ ላነብ ብገባ ውሻ ተለቀቀብኝ። እስከ ኮረም መንገድ ድረስ አባረረኝ። ውሻው ከተመለሰ በኋላም አላቆምሁም። ያን ዕለት እሷ ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ ያለ ውሻ ሮጥሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጉድ ፈላ። የሩጫው እሑድ የሰንበቴ ተራዬ ነው።

ሩጫው ባለፈው እሑድ ነበር የታሰበው። ካናቴራው አልደረሰም ተብሎ በሳምንት ሲገፋ እግሬ ቀን አገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ተራዬ ትዝ አላለኝም። ዛሬ ጠዋት የሰንበቴያችን ሙሴ፣ መሪያችን አያ ፈንታ መንገድ ላይ አገኙኝና «እሑድ ያንተ ነው፤ አልረሳኸውም አይደል?» አሉኝ። «እንዴት እረሳለሁ» አልሁ። ረስቼው ነበር።

ስድሳ ያህል ሰው ነን። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ሁሉም ይቀምሳል፣ የታመመው ይጠየቃል፣ የተጣላው ይታረቃል። ተራው በዓመት ከምናምን አንዴ ነው የሚደርስ። ዝማም ሳለች ጋጋሪዋ እሷ፣ ተሸካሚው እኔ ነበርሁ። ከሄደች ወዲህ ሁለት ጊዜ ተራዬን አስተላለፍሁ፤ አንዴ ታምሜ፣ አንዴ ዋሽቼ። ሦስተኛ ማስተላለፍ አይሆንም። ማንም ውጣ አይለኝም። ብቻ ስም ሲጠራ እኔን መዝለል ይለምዳሉ፣ እኔም መቅረት እለምዳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያሉ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሲታመሙ እንኳ ወሬያቸው የሚሰማው ከቆየ በኋላ ነው።

ሩጫውን ነገርኋቸው። አያ ፈንታ ፊቴን አዩ፣ እግሬን አዩ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ። «እኔማ ያለኝ አንድ ተኩል ነው» አልኋቸው። ሳቁ፤ ከሳቁ ተስፋ አለ። ቆመን ሰዓቱን አሰላነው። ሩጫው አንድ ሰዓት ይጀምራል። ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። እኔ እየሮጥሁ ሳለ ሁለት ሰዎች መጥተው ዳቦውን ከቤቴ ይወስዳሉ፣ እኔ እጨርስና እደርሳለሁ። «ቅዳሴ ጥለህ ልትሮጥ ነው ማለት ነው» አሉ ሲለዩኝ። እያነከስሁ መንገዴን ቀጠልሁ።

ከዚያ ሌላ ሞኝነት ጨመርሁበት። ወጌሻ ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ አትንካው ያለኝን ቦታ ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ ላይ ታች አደረገው። «ተቋጥሯል፤ መፍታት ነው» ይላል። ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት። ሲጨርስ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ነገ ትዘላለህ» አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አልዘለልሁም። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ሥራ በሸበጥ ሄድሁ። አቡነ አረጋዊ ስለሆነ ብዙው ሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የተዘጋ በር በዛልኝ። በሕይወቴ ተዘግቶ ባገኘሁት በር እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሚያስፈራኝ ግን እግሬ ብቻ አይደለም። ድካሙ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ተኝቼ የምነሣው ደክሞኝ ነው። ጥቂት ዳገት ወጥቼ ቆም እላለሁ። ባለፈው ወር ይህን ዳገት እያፏጨሁ ነበር የምወጣው።

ካናቴራና ቁጥር ለመውሰድ ተሰለፍሁ። የሚያድለው ወጣት አየት አድርጎኝ «ለልጅህ ስንት ቁጥር ካናቴራ ልስጥህ?» አለኝ። «ለራሴ ነው» አልሁት። «ይቅርታ አባት» አለ። ይቅርታው ባሰብኝ። ለአሸናፊው የአበርገሌ ፍየል ተዘጋጅቷል ይላሉ፤ ከኋላዬ የቆሙት ተማሪዎች ገና ሳይሮጡ አርደው ተካፍለውታል።

የተገዛ፦ የስንዴ ዱቄት። ጥቁር አዝሙድ። ጨው። ፋሻ።

ያልተገኘ፦ ትልቅ መጋገሪያ። ቅጠል። የሚያቦካ ሰው።

ጠላውስ? ጠላ በሁለት ቀን አይደርስ። ጎረቤቴ እማማ ብርቄ ዘንድ ሄጄ ጉዴን ነገርኋቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ እንደ እኔው። አጥሩ ብቻ ነው የሚለየን። ሰምተው ሲያበቁ ወደ ጓዳ አስገቡኝና እንስራቸውን ገለጥ አደረጉ። ለእኔ ተራ የተዘጋጀ ጠላ ነው። ከሳምንት በላይ ሆኖታል ከተጠነሰሰ። «የቀንህን ነገር አንተ እንደማታስበው አውቃለሁ» አሉኝ። «ዝማም ስትሄድ አደራ ብላኛለች።» እጃቸውን ልስም ስል ገፉኝ። «ትከሻዬ አይሠራም። ዳቦውን አላቦካልህም፤ ራስህ ታቦካለህ» አሉ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም የማያስበኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው አጥር ተጠግቶ እየኖረ፣ እኔ በወር አንዴ ቆጣሪያቸውን አንብቤ ነው የምወጣ። አፈርሁ።

ዓርብ የዝማም ዕረፍት ነው፤ ሁልጊዜ ትደውላለች። ዛሬ አልደወለችም። ኔትወርክ ይሁን ኩርፊያ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ከሩጫ በፊት ባለው ቀን እግር ተሰቅሎ ይዋላል። እኔ ቆሜ ስጋግር ዋልሁ።

እማማ ብርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ እኔ አቦካለሁ። ደግ ሳደርግ በአማርኛ፣ ሳበላሽ በአፍ መፍቻቸው በኽምጣኛ ነው የሚናገሩኝ። ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሰማሁት ጥቂት ነው። «ሊጥ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም፣ አትርገጠው» አሉኝ፤ እጄ ሲዝል በክርኔ ብጫነው ነው። ሊጥ ማቡካት እንዲህ ወገብ እንደሚቆርጥ አላውቅም ነበር። ዝማም ስታቦካ አጠገቧ ቆሜ ወሬ አወራ ነበር። ለአንድ ቀን እንኳ ልያዝልሽ አላልኋትም።

ሦስት ዳቦ ወጣ። አንዱ አምሮበታል። አንዱ ሥሩ አርሯል። ሦስተኛው ከውጭ ደህና ነው፣ የውስጡን እግዜር ያውቃል። እማማ ብርቄ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ይበላል» አሉ። እንደ ሜዳልያ ነው የተቀበልሁት።

ጠላውን ሁለት የሰንበቴ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ወስደው ሰንበቴ ቤቱ አስቀመጡት። ዳቦው ግን አይጥ አለ ተብሎ እኔ ዘንድ አደረ። ጠዋት እኔ ወደ ሩጫው ስሄድ ቤቱን እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን ከአጥሩ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አደርጋለሁ። እማማ ብርቄ ገና ሳይነጋ ቅዳሴ ስለሚሄዱ ለእሳቸው መስጠት አልሆነም። ለአያ ፈንታ ደውዬ ድንጋዩን በምልክት ነገርኋቸው። «ገባኝ፣ ገባኝ፤ ድንጋይ ነው አይደል» አሉኝ።

ሌላም ነገር ወሰንሁ። ነገ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አፌ አይገባም። ባለተራ ሆኜ ቅዳሴውን ትቼአለሁ፤ ጾሙን እንኳ ልያዝ። እማማ ብርቄ ሰምተው «ትወድቅና መሳቂያ ትሆናለህ» አሉኝ። ይህንንም በኽምጣኛ ደገሙት።

ቁጥሬን ካናቴራው ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያዝሁት ራሴ ነኝ። ጠማማ ሆነ። ሌላው ሰው ሚስቱ ወይም ልጁ ቀጥ አድርጋ ትይዝለታለች። ተውሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሣሁ። እግሬን በፋሻ ጠቀለልሁ፣ ጫማው እያስጮኸኝ ገባ። ዳቦዎቹን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር።

ለአንድ ሰዓት የተባለው ሩጫ አንድ ከአርባ ላይ ተጀመረ። ንግግር ነበር፤ ከዚያ ሌላ ንግግር። እኔ በየደቂቃው ሰዓቱን እጠይቃለሁ። አጠገቤ የቆመ ልጅ «ቸኩለሃል እንዴ ጋሼ?» አለኝ። ሌላው ሁሉ ከሰው ጋር ነው፤ ጃኬት የሚይዝለት፣ ፎቶ የሚያነሣው አለው። እኔ ጃኬቴን ዛፍ ላይ ሰቀልሁ።

የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ሲኦል ነው። ሦስተኛው ላይ ጅማቱ ሞቀና ለቀቀኝ። በኮረም መንገድ ወጥተን አምስተኛው ላይ ስንዞር ፀሐይ ጀርባዬን አሞቀኝ፤ ማሽላውም ጤፉም ደርሶ፣ ነፋሱ ከኋላዬ ሆኖ። በዚያች ሰዓት ሁለት ዓመት ምንም መስሎ አልታየኝም። ለዝማም የምላትን እየሮጥሁ ተለማመድሁት። አድሺ፣ ቤቱን እንጨርስ፣ እኔ እችላለሁ። በእርምጃዬ ልክ ነበር የምለው።

ውሃ የሚያድሉ ልጃገረዶች ነበሩ። አንዷ ብርጭቆ ይዛ አብራኝ ሮጠች። «ጋሼ፣ ጠጣ እንጂ!» «ቅዳሴ አልወጣም» አልኋት። ግራ ገብቷት ቆመች። ሥራዬ ውሃ፣ የምሮጠው በውሃ ጥም።

ስድስተኛው ላይ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ጆሮዬ ጮኸ። የሚያልፈኝ ሁሉ አልፎኝ ከኋላዬ የቀረ ሰው እንዳለ እንኳ ዞር ብዬ ማየት አቃተኝ። ጅማቱም ተመልሶ መጣ፤ በየእርምጃው አንድ ሰው ከኋላ በዱላ ጫፍ የሚወጋኝ ይመስለኛል። አላቆምም፣ አላቆምም እላለሁ። ቁም የሚለኝም የለም። ሩጥ የሚለኝም የለም።

ከተማው ዳር፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩሉ ላይ ስደርስ ከደብራችን ከኪዳነ ምሕረት በድምፅ ማጉያው ተሰማኝ። «እትዉ በሰላም።» ቅዳሴው ወጣ። አማተብሁ። እዚያው የውሃ ጠረጴዛ ነበርና ሁለት ብርጭቆ ተከታትሎ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ራሴ ላይ አፈሰስሁት። ነፍሴ ተመለሰች። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ቀረኝ። እየተጎተትሁም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። እርግጠኛ ነበርሁ።

ጫማው ያበጠውን እግሬን አንቆ ይዞት ነበርና ማሰሪያውን ላላ ላደርግ ጎንበስ አልሁ። ቁልፉ ማሰሪያው ላይ ታስሯል።

የቤቴ ቁልፍ። ጠዋት ጠዋት ልምምድ ስወጣ የሩጫ ሱሪዬ ኪስ ስለሌለው ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር ነው የማስረው። ሦስት ዓመት ያደረግሁትን ነው ዛሬም ያደረግሁት። እጄ ቆለፈ፣ እጄ አሰረ። ድንጋዩ ትዝም አላለኝ።

ለጥቂት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አውቄ ነው የተቀመጥሁት፤ ቁጭ ካልሁ አንድ ሰው መጥቶ ምን ላድርግ የሚለውን የሚመልስልኝ ይመስል። ሰው ሁሉ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ተባርኮ የሚቆረስ ዳቦ የለም። ዳቦው ቤቴ ውስጥ ነው። ቁልፉ እግሬ ላይ ነው። መጨረሻው በስተግራ ነው፣ ቤቴ በስተቀኝ።

ጨርሼ ብሄድስ አልሁ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሃያ ደቂቃ ቢጠብቁ አይሞቱም። ይህን ሳስብ ስሜን ዘለው ሲሄዱ ታየኝ። ደግሞም ሌላ ነገር ታየኝ፤ መስመሩን አልፌ ማንም የማያውቀኝ ሰው ውሃ ሲሰጠኝ። ወደ ቀኝ ታጠፍሁ። መንገድ የሚያሳየው ልጅ ባንዲራውን እያወዛወዘ «አባት፣ በዚህ ነው፣ በዚህ ነው» ይላል። ሰምቼዋለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ባቴ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ከዚያ በኋላ አልሮጥሁም፤ እግሬን ጎተትኋት። ደጄ ስደርስ ሁለቱ የሰንበቴ ሰዎችና እማማ ብርቄ ቆመዋል። የአጥሬን ድንጋይ በሙሉ ገልብጠውታል። ስልኬ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ሲጠራ ይሰማል። ቁልፉን ከማሰሪያው ስፈታ እጄ እንቢ አለኝ፤ እማማ ብርቄ ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ፈቱት።

ነጠላዬን በካናቴራው ላይ ጣል አድርጌ፣ በአንደኛው ሰው ትከሻ ተደግፌ ሄድሁ። ሰንበቴ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዝም ብለው ነው የሚጠብቁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሦስተኛው ውስጡ ጥሬ ኖሯል። ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት «የወንድ ዳቦ» አለች፣ ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን በሉት። ያረረውንም በሉት።

አያ ፈንታ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ «ልጄ፣ ቁልፍ የምትሰጠው ሰው የለህም?» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አይደለም፤ እውነት ጠየቁኝ። «የለኝም» አልሁ። ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ጠላ አቀበሉኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔም ወደ ቤቴ። ወለሉ ላይ ዱቄት አለ። ጃኬቴ ዛፍ ላይ ቀርቷል። አልጨረስሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

እግሬ ዱባ አክሏል። ሐኪም ቤት የወሰደኝ ያው ትናንት ትከሻውን ያዋሰኝ ሰው ነው፤ ሳልጠራው መጣ። ሐኪሙ ነካክቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ተሰንጥቋል። ጄሶ ተደረገልኝ። ስምንት ሳምንት። «ጨረስህ እንኳ?» አለኝ። «አልጨረስሁም» ስለው አዘነልኝ መሰለኝ።

ከመሥሪያ ቤት ደወሉ። ሰፈሬን ሌላ ሰው ያነብልኛል። የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ለእማማ ብርቄ ሰጠኋቸው። ሽሮ ሠርተው አመጡልኝ፤ እስክጨርስ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሲወጡ ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ጭር አለብኝ። ሰው ገብቶ ሲወጣ እንዲህ ነው፤ ባይገባ ይሻላል ያሰኛል፣ ግን አይሻልም።

አሥር ሰዓት ላይ ዝማም ደወለች። ትናንት ስልኬ ቤት ተቆልፎበት ስትደውል የነበረችው እሷ ናት።

«ጨረስህ?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፤ ሩጫውን ታውቃለች።

«አልጨረስሁም።»

ሁሉንም ነገርኋት። ቁልፉ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ትን እስኪላት ሳቀች። ጥሬው ዳቦ ላይ ስደርስ ደግሞ ሳቋን ተወች። «አንተ አቦካህ?» አለችኝ። «አዎ።» «በዚያ እግርህ ቆመህ?» «አዎ።»

ከዚያ ስለ ማዳሟ አነሣች። ነገ ነው ቀኑ። እንደወደድሽ ልል አፌ ላይ መጣ፤ ለምዶበታል። «ነይ» አልሁ።



«እግርህ ስላመመህ ነው እንዲህ የምትል» አለች። «ሲሻልህ ቤቱስ ትለኛለህ።»

«አልልሽም። ብቻዬን አልቻልሁም ዝማም። የቻልሁ አስመሰልሁ እንጂ አልቻልሁም።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አላልኸኝም?»

«ነይ ብዬሽ ብትቀሪ ምን ልሆን ነው ብዬ።»

አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም፣ አላውቅም፤ ከበስተኋላዋ የማዳሟ ሕፃን እያለቀሰ ነበርና አልለየሁትም። «ልሂድ፣ ተነሥቷል» አለች። «ነገ እነግራታለሁ።» ምን ብላ እንደምትነግራት ሳልጠይቃት ተዘጋ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቀኑን ሙሉ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። ቻርጅ እንዳያልቅ ብዬ ሬዲዮውን እንኳ በስልኬ አልከፈትሁም። ረፋዱ አለፈ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ማዳሟ የኮንትራቱን ወረቀት ይዛ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቃት አላውቅም። ነይ ማለቴ ልክ ይሁን ስህተት እሱንም አላውቅም። ቤቱ ጣራ የለውም፣ እግሬ ጄሶ ውስጥ ነው፣ ደመወዜ ያው ነው። ለምን ትመጣለች? እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እመጣለሁ ወይ?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። አጭር ናት። ስቸኩል ሁለቴ ነካኋት።

«ኪሮስ፣ ሰቆጣ አሁን ብርዱ እንዴት ነው? እኔ ወፍራም ልብስ የለኝም፤ እዚህ አይለበስም።»

በቃ። ነገርኋት አላለችም። እመጣለሁ አላለችም፣ አልመጣም አላለችም። ደግሜ ሰማኋት። ወፍራም ልብስ የሚያስብ ሰው የሚመጣ ሰው ነው አልሁ። ደግሞ፣ ለወሬ ያህል ብትጠይቀኝስ አልሁ። እማማ ብርቄ ቁልፋቸውን ተጠቅመው እራት ይዘው ሲገቡ እያዳመጥሁ አገኙኝ። አሰማኋቸው። ሰምተው «ምን ትጠብቃለህ፣ የብርዱን ንገራት እንጂ» አሉኝና ድስቱን ሊያሞቁ ገቡ።

«ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይ ይወጣል፣ በጣም ይሞቃል» ብዬ ላክሁላት። በጣም እንኳ አይሞቅም። ውርጩን ብቻ ብነግራት እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው።